ጣዕም ማጣቱን ማን ይውሰድ?

የጨረር ማሽናችን የሕክምናውን ጣጣ ከታማሚው አንስቶ ለፈቃደኛ ሰው ያስተላልፋል። ለእያንዳንዱ ጣጣ በጣት አሻራው የሚፈርም ተረካቢ ካልተገኘ ማሽኑ አይነሳም። እትዬ አመለወርቅ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ተጋድመዋል፤ ዛሬ ካልታከሙ ዕጢው ጉሮሯቸውን ይዘጋዋል። የእድራቸው ሰዎች ኮሪደሩ ላይ ይጨቃጨቃሉ።

«ማቅለሽለሹን ለኔ» አሉ ሰብሳቢው ጋሽ ድንበሩ። «የእድር ስብሰባ አለማምዶኛል።»

ድካሙን አንዲት ጎረቤታቸው ወሰደች። የቀረው ጣዕም ማጣት ነው፤ ምላስ ለአንድ ወር እንጨት ይሆናል። ይህን ማንም አልፈለገውም። ፋሲካ ከነገ ወዲያ ነው።

«ሁለት ወር ሙሉ ሽሮ በልቼ ዶሮውን ሳላጣጥም? እግዜርም አይወደው!» አሉ ጋሽ ድንበሩ። «አንቺ መሐንዲሷ አይደለሽም እንዴ? ማሽኑን አታልዪዋ!»

«እንዳይታለል አድርጌ የሠራሁት እኔው ነኝ፣ ጋሼ።»

«ምን ዓይነቷ ክፉ ነሽ!»

እትዬ አመለወርቅ ከውስጥ «ልጆች፣ ካስቸገርኳችሁ ልሂድ?» አሉ።

ተናደድኩና የራሴን አውራ ጣት ማሽኑ ላይ ጫንኩ። ተነሳ።

የፋሲካ ለት ባሌ የሠራውን ዶሮ አጎረሰኝና ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«እንዴት ነው?»

ያኘክሁት ዶሮ ይሁን ጥጥ አላውቅም።

«ጨው አንሶታል» አልኩት። ሁሌም ያሳንሳል።