በአምቡላንስ የመጣው ድምፅ ሰጪ

ደወሉ ይጀምራል። ከአሁን በኋላ ስምንት ደቂቃ ነው ያለን። ከዚያ የምክር ቤቱ በሮች ይቆለፋሉ፤ የገባ ገባ፣ የቀረ ቀረ።

እኔና ዱጋል ዝናብ እየመታን ከግቢው የብረት በር ሥር ቆመናል። እኔ የመንግሥት ተጠሪ ነኝ፤ ከአውሮፓ ኅብረት የምንወጣበት ረቂቅ ሕግ እንዲያልፍ የፓርቲዬን አባላት ስለምን፣ ስቆጣና ሳባብል ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። ዱጋል የተቃዋሚዎቹ ተጠሪ ነው፤ እሱም ረቂቁን ለመጣል እንዲሁ ሲለምን ኖሯል። ዛሬ ሁለታችንም የምንጠብቀው አንድ አምቡላንስ ነው።

ውስጡ ኤምሪስ ቮን ተኝቷል። የዱጋል ወገን ነው፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ሳንባው ውኃ የቋጠረ፣ ከዌልስ አምስት ሰዓት ተጉዞ የመጣ። በደንባችን የታመመ አባል አዳራሹ ድረስ መሄድ የለበትም። ግቢው ውስጥ ከገባና የተቃራኒው ወገን ተጠሪ በሕይወት መኖሩን በዓይኑ አይቶ ራሱን በአዎንታ ከነቀነቀ ድምፁ ይቆጠራል። የተቃራኒው ወገን ተጠሪ እንግዲህ እኔ ነኝ። የእኔና የዱጋል ድምፅ እርስ በርሱ ስለሚጣፋ ሁለታችንም አንቆጠርም።

ኤምሪስ ከቀረ በአንድ ድምፅ እናሸንፋለን። ከገባ እኩል እንሆናለን፤ እኩል ከሆንን ደግሞ በልማዳችን ረቂቁ ይወድቃል።

«ስድስት ደቂቃ» ይላል ዱጋል።

አምቡላንሱ ይታየናል፤ መቶ እርምጃ አይርቅም። ግን መንገዱ ሰው ብቻ ነው። ከወዲያ የኅብረቱን ሰማያዊ ባንዲራ የለበሱት «እንቆይ!» ይላሉ፤ ከወዲህ የኛዎቹ «እንውጣ!» ይላሉ፤ አምቡላንሱ ሳይረኑን እያስጮኸ መሃል ላይ ተውጦ ቀርቷል። ፖሊሶቹ እንኳን መንገድ ሊያስከፍቱ ለራሳቸውም መቆሚያ አጥተዋል። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኛል። እጄ ሳይቆሽሽ ማሸነፌ ነው።

ከበሩ ፊት ለፊት ድምፅ ማጉያ የያዘው ግዙፍ ሰው ኖርማን ታስከር ነው። የግሪምስቢ ዓሣ ነጋዴ ነው፤ የመረጠኝ፣ በየሳምንቱም እየደወለ «መቼ ነው የምንወጣው?» ብሎ የሚነዘንዘኝ። ሱቁን ለሚስቱ ትቶ እዚህ ድንኳን ተክሎ ከተቀመጠ አሥራ አንድ ሳምንቱ ነው።

«ሂልዳ!» ይለኛል በብረቱ መሃል። «ማንን ነው የያዘው ይሄ አምቡላንስ? ጆሮዬን እኮ በላው!»

ዝም ማለት እችላለሁ። አላውቅም ማለትም እችላለሁ።

«ኤምሪስ ቮንን ነው» እለዋለሁ። «ረቂቁን ሊቃወም መጥቶ ነው። ከገባ ተሸነፍን።»

ለእውነት ብዬ አይደለም። ኖርማን ምን እንደሚያደርግ የማውቅ ስለመሰለኝ ነው፤ መንገዱን ዘግቶ የእኔን ሥራ እሱ ይሥራልኝ ብዬ። ዱጋል ዞር ብሎ ያየኛል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኖርማን አምቡላንሱን ያያል። ዝናቡ ከቆቡ ጫፍ ይንጠባጠባል።

«ያ ሽማግሌ? ከዌልስ ድረስ ተኝቶ መጣ?»

«ተኝቶ መጣ።»

«አይ ግትርነት!» ይላል ራሱን እየነቀነቀ። «የማይረባ ሽማግሌ!»

ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ወደ አፉ ያነሳል።

«ስሙ! የኛዎቹም፣ የነዚያም! ሰው ታሟል፣ መንገድ ልቀቁ! አንተ ባለ ከበሮ፣ ላንተም ጭምር ነው!»

መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከበሮው ዝም ይላል። አንዲት ሴት ሰማያዊ ባንዲራዋን ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ትከታለች፤ የኛ ሰው አንዱ የሕፃን ጋሪዋን ከፊት ይዞ ያነሳላታል። ሸማ ክሩን ይዞ እንደሚቀደድ ያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ለመሃል ይከፈታል። በዚህ ምክር ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ለድምፅ ሰው ስቆጥር ኖሬ ሰው አይቼ የማላውቅ ይመስለኛል።

ኖርማን ክንዱን ዘርግቶ የኛዎቹን ወደ ኋላ ይገፋል። አምቡላንሱ አጠገቡ ሲደርስ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ ይጮኻል።

«እግዜር ይማርህ! ድምፅህን ግን ውኃ ይብላው! እንውጣ!»

የግቢው በር ይከፈታል። የአምቡላንሱ የኋላ በርም ይከፈትና አንገቴን አስገባለሁ። ኤምሪስ ሰም መስሏል። የኦክስጅን ጭምብሉን በአንድ ጣቱ ከፍ ያደርጋል።

«ሂልዳ፣ መሞቴን ልታረጋግጪ መጣሽ?»

«ተስፋ አድርጌ ነበር።»

«ነገ ነይ» ይላል፤ ሳቁ ሳል ይሆንበታል። ትንፋሹ እስኪመለስ ዓይኑን ይጨፍናል። «መንገዱን ማን ከፈተው?»

«የኛ ሰው።»

«እኔ መሆኔን ያውቃል?»

«ያውቃል።»

ዓይኑን ሳይገልጥ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። ጭምብሉን መልሼ አስተካክልለታለሁ።

«ሂልዳ» ይላል ዱጋል ከኋላዬ። «አንድ ደቂቃ ቀረ።»

ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ። ዱጋል ድምፁን ሊያስቆጥር በዚያ ወፍራም ሰውነቱ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ይሮጣል። ደወሉ ይቆማል።

ኖርማን ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

«ደረሰ?» ይለኛል።

«ደረሰ።»

«ተመስገን» ይላል። ወዲያው መሸነፋችንን ያስታውሳል። ፊቱ ሲለወጥ አያለሁ። ቀስ ብሎ እርጥቡ የመንገድ ጠርዝ ላይ ይቀመጥና ቆቡን አውልቆ ፊቱን ይሸፍንበታል። ትከሻው ይርገበገባል። ከፊቱ መንገዱ ባዶውን እንደተከፈተ ነው፤ ከወዲህም ከወዲያም እግሩን የሚያስገባ የለም።