እጀ ወርቅን ምን ነካት?

ኬክ ቤቱ የሁለት እህትማማቾች ነበር። ታላቂቱ ከምድጃውና ከደንበኛው ጋር ትታገላለች፤ ታናሺቱ ኬኩን ታስጌጣለች። ታናሺቱን ሰፈሩ እጀ ወርቅ ይላታል። በክሬም የጻፈችውን ስም ሰው ለመቁረጥ ይሳሳል።

አርባ ሰባት ዓመት ሲሞላት እጇም ጭንቅላቷም ከዷት።

መጀመሪያ እንቅልፏ ጠፋ። ከዚያ ሙቀቱ መጣ። ምድጃው ጠፍቶ እንኳ ከደረቷ ተነስቶ ፊቷን ይለበልባታል፤ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ይጣበቃል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይበርዳታል። የወር አበባዋ ሁለት ወር ጠፍቶ፣ በሦስተኛው ወር ሁለት ጊዜ መጣ። ድካም ነው ብላ አለፈችው። ስኳር ለማለት ፈልጋ "ያ ነጩ ነገር" ማለት ስትጀምር ግን ፈራች።

እናታቸው በመጨረሻ ዘመናቸው ልጆቻቸውን ረስተው፣ "እናንተ የማን ልጆች ናችሁ?" እያሉ ነበር የሞቱት።

አንድ ቅዳሜ በሠርግ ኬክ ላይ የሙሽራዋን ስም በመጻፍ ፈንታ የሙሽራዋን እናት ስም ጻፈች። አዳራሹ "ሙሽራው አማቱን አገባ" ብሎ ሳቀ። የሙሽራዋ አባት አልሳቀም። ሰኞ ጠዋት መጥቶ የልቡን ተናግሮ ሄደ።

ታላቂቱ በሩን ዘግታ የእህቷን እጅ ያዘች።

"እትዬ፣ እንደ እማዬ እየሆንኩ ነው?"

"እማዬንም ሲጀምራት እንዲሁ ነበር" አለች ታላቂቱ። "ከስም ነው የጀመረው።"

"ሐኪም ቤት ልሂድ ይሆን?"

"እማዬን ምን አደረጉላት? ወሬሽ ሰፈሩን ያዳርሳል እንጂ ሌላ ትርፍ የለውም። እኔ አለሁልሽ አይደል እንዴ።"

ደግሞም አለችላት። የትእዛዝ ደብተሩን ተረከበች። "እንዳትጥዪው" ብላ የሱቁን ቁልፍ ወሰደችላት። ደንበኛ ሲጠይቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ትንሽ አሟታል" ትላለች፤ ደንበኛውም እጀ ወርቅን በመስታወቱ አሻግሮ አይቶ ከንፈሩን ይመጥጣል። አንድ ቀን እጀ ወርቅ ክሬሙ አልቆም ስላላት ብቻ ግማሽ ሰዓት አለቀሰች። እንባዋን የጠረገችላት እትዬ ናት።

ሳምንታት እንዲህ አለፉ።

"ነገሩ ሳይብስብሽ የኬክ ቤቱን ጉዳይ ብንጨርሰው" አለቻት አንድ ከሰዓት። "ኋላ ፊርማሽን የሚቀበል አታገኚም።"

እጀ ወርቅ አላቅማማችም። "ስሜን ሳልረሳው ልፈርም" ብላ ልትቀልድ ሞከረች። ማክሰኞ ዕለት በሁለቱ ስም የነበረው ኬክ ቤት በእትዬ ስም ሆነ።

ዓርብ ጠዋት የጋለ የመጋገሪያ ትሪ የእጇን አንጓ አቃጠላትና ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ የልጆቿን የልደት ኬክ ሁሉ ከእነሱ ነው የምትገዛው። ቁስሉን እያሰረችላት ሳለ ሙቀቱ መጣ። እጀ ወርቅ በነጻ እጇ አንገቷን መጥረግ ጀመረች።

"ይሄ ነገር አሁንም ቶሎ ቶሎ ይመጣብሻል?" አለች ነርሷ።

"ይተወኛል ብለሽ ነው።"

"እንቅልፍስ? የወር አበባሽስ እንዴት ነው?"

አንዴ ከተጠየቀች አልቆም አላት። ጠፍቶ የመጣውን ደም፣ ሰበብ የሌለውን ለቅሶ፣ ምላሷ ጫፍ ላይ የሚቀሩትን ቃላት ነገረቻት። በመጨረሻም ቀስ ብላ "እናታችን እንዲህ ሆና ነው የሞተችው" አለች።

ነርሷ ፋሻውን አስቀመጠች። "ስሚኝ፣ የኔ እህት። ይሄ የእናትሽ በሽታ አይመስለኝም። ማረጥ ሲቃረብ የሚመጣ ነው። ሙቀቱም፣ እንቅልፍ ማጣቱም፣ መርሳቱም የዚያው ነው። አብዛኛው እያደር ይቀላል፤ እስከዚያው የሚረዳ ሕክምና አለ። ዛሬውኑ ለሐኪሙ አሳይሻለሁ።"

እጀ ወርቅ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ለመነሳት ተጣደፈች።

"መጀመሪያ ለእትዬ ልንገራት" አለች። "ስንት ቀን አብራኝ ስትጨነቅ ከረመች።"

ነርሷ ግራ ገብቷት አየቻት። "እንዴ፣ አልነገረችሽም እንዴ? የዛሬ ሁለት ወር እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስለ አንቺ ጠየቀችኝ፤ ይህንኑ ነግሬያት፣ 'ዛሬውኑ ሄጄ አረጋጋታለሁ' ብላኝ ነው የሄደችው።"