የትናንቱ ጨዋታ

የባሏን ጥፍር እየቆረጠችለት ሳለ ስልኩ ጮኸ። በጉንጯና በትከሻዋ መሃል ያዘችው።

«እናቴ፣ የጋሽ ጥላዬ ባለቤት ነዎት? ከባንኩ ነው የምደውለው።»

ለዛ ያለው ወጣት ነው። የባንክ አክሲዮናቸው ወደ አዲስ ሲሚንቶ ፋብሪካ ቢዛወር በስድስት ወር እጥፍ እንደሚሆን ነገራት። «ዛሬ ካላለቀ ዕድሉ ያመልጣል። ስልክዎ ላይ የሚመጣውን የሚስጥር ቁጥር ብቻ ያንብቡልኝ።»

በዚህ መንገድ የተበሉ ጎረቤቶች አሏት። የባሏ መድኃኒት የሚገዛው ደግሞ ከዚያው አክሲዮን በሚገኝ ትርፍ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ደዋይ ሁሉ የምትሰጠውን መልስ ሰጠችው።

«እሱን ሳላማክር አይሆንም።»

«እንዴ! ጋሽ ጥላዬማ ትናንት ተስማምተውልኛል። ስንት ተጫወትን መሰለዎት! ቀልዳቸው በሳቅ ነው የገደለኝ።»

ጥፍር መቁረጫው እጇ ላይ ቀረ። ቀና ብላ ባሏን አየችው። ካቻምና ስትሮክ መትቶት ከወደቀ ወዲህ አንድም ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

«እናቴ፣ ቁጥሩ መጣ?»

«ቆይ፣ የኔ ልጅ፤» አለች ቀስ ብላ። «ምን ብሎ ነው የቀለደው? እስቲ ንገረኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። እሷ ግን ከጆሮዋ ለማንሳት ጥቂት ቆየች። ከዚያ የትንሿን ጣት ጥፍር ቆርጣ ጨረሰችና እጁን ወደ ብርድ ልብሱ መለሰችው።