በአንድ ሊትር ዘጠኝ

የመኪናዬ ስክሪን በአንድ ሊትር አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላል። ባሌ አስቻለው ግን ታንኩን ጢም አድርጎ ያስሞላና፣ የሄድኩበትን መንገድ ለገባው ቤንዚን ያካፍላል። ሁሌም ዘጠኝ ይወጣል።

"ይሄ ሰው የሞላበት ማታቱ ታክሲ የሚበላው ነው" አለኝ። "ከቤታችን ከካሳራኒ ሥራ ቦታሽ ኪሊማኒ ድረስ ማንን ነው የምታመላልሺው?"

"ማንንም! ብቻዬን ነው የምነዳው። ስክሪኑን አታይም?"

"ስክሪን ይዋሻል። ቤንዚን አይዋሽም።"

በንዴት በግኜ አደርኩ። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ቲካ ሮድ ተዘጋግቶ ቆመን ሳለ፣ ከፊት ፖሊሶች መኪና ሲያስቆሙ አየሁ። የደህንነት ቀበቶ ሕግ ከወጣ ወዲህ አይምሩም። እኔ የራሴን አስሬያለሁ። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች ዞርኩ።

"ስሙ!" ብዬ ጮህኩ። "ቤንዚኔን መጨረሳችሁ፣ ከባሌ ጋር ማጣላታችሁ ሳያንስ፣ በእናንተ የተነሳ ፖሊስ አያስቆመኝም! በእኔ መኪና ቀበቶ ሳያስር የሚሄድ የለም!"

በግራዬ ያለው የባዶው የተሳፋሪ ወንበር ቀበቶ ቀስ ብሎ ተሳበና ቀጭ አለ።

ከኋላዬ ያሉት ሦስቱም ተራ በተራ ተከተሉት።