የለመደውን የማይሰማ

የእናታቸው የወርቅ ሐብል ከቁም ሣጥኑ ጠፋ። እናትየው ስትሞት «ለሁለታችሁ ነው» ብላ የተወችው ሐብል ነው። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ያሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ታላቅ እኅት፣ ባሏ፣ እና ሚሚ የሚሏት ታናሽ እኅት።

«አንቺ ነሽ አውጥተሽ የሸጥሽው» አለች ታላቂቱ።

«እኔ? እትዬ፣ እኔን ነው?»

«ካንቺ ሌላ ማን አለ? ድመቷ ናት?»

ሚሚን አዝላ ያሳደገቻት እትዬ ናት። እንዲህ ያለ ቃል ከዚያ አፍ ይወጣል ብላ በሕልሟም አላሰበችው።

ግን ሚሚም ያየችው ነገር አላት። የእትዬ ባል ጋሼ፣ ሰሞኑን አጥሩ ሥር አካፋ ይዞ ጎንበስ ቀና ይል ነበር። ሰው ሲመጣ አካፋውን ከእግሩ ኋላ ይደብቃል። አካፋ ደግሞ በእግር ይደበቃል እንዴ!

«ብረትም ወርቅም የሚያነፈንፍ መሣሪያ ያለው ሰው አመጣለሁ» አለች። «ሐብሉ እዚህ ግቢ ከተገኘ ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ። ካልተገኘ ልብሴን ይዤ እወጣለሁ።»

«ይሁን» አለች እትዬ።

ጋሼን ሳል ያዘው።

ባለመሣሪያው መጥቶ ገና ሲያበራው መሣሪያው ጮኸ። እዚህም ጮኸ፣ እዚያም ጮኸ፤ ጥርስ የሚያወጣ ሕፃን አስመሰለው።

«አፈራችሁ ቀይ ነው፣ ብረት አለው» አለ ሰውዬው። «መጀመሪያ መሬቱን ላስለምደው። ሚስማር ቆርቆሮ የሌለበት ንጹሕ ቦታ አሳዩኝ። ብረት ያለበት ላይ ካስለመድኩት ያንኑ አፈር ነው ብሎ ዝም ይላል። እንደ ባል ነው፣ የለመደውን አይሰማም።»

እትዬ ከት ብላ ሳቀች። «ና በዚህ፣ ከአበባው ጎን። በእጄ ነው የኮተኮትኩት፣ መርፌ እንኳ የለበትም።»

ሰውዬው ሳህን የመሰለውን የመሣሪያውን ጫፍ እዚያ አፈር ላይ ከፍ ዝቅ እያደረገ ቁልፉን ቀስ ብሎ አዞረ። ጩኸቱ ማጉረምረም ሆነ፤ ማጉረምረሙም ጠፋ።

ከዚያ ፍለጋው ተጀመረ። በቤቱ ዙሪያ ምንም የለም። አጥሩ ሥር ሲደርሱ ግን መሣሪያው አንባረቀ!

የጋሼ ግንባር በላብ ራሰ። ተቆፈረ፣ ቆርቆሮ ወጣ፣ ክዳኑ ተከፈተ።

ሲጋራ።

«ትቻለሁ ብለህ ምለህልኝ አልነበር?» አለች እትዬ።

«እየተውኩ ነው» አለ ጋሼ።

ባለመሣሪያው ሳቁን ዋጥ አድርጎ የቀረውን ግቢ ዞረ። በአበባው በኩልም አለፈ። ድምፅ የለም።

«የለም» አለና ዕቃውን ሸከፈ።

ሚሚ መሬት መሬት እያየች «ጋሼ፣ ጠርጥሬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» አለች።

«ግድ የለም ሚሚዬ፣ እኔም ሁኔታዬ አያምርም።»

ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ጠቀጠቀች። በሩ ጋ ደርሳ ቆም አለች። እትዬ «ተይ፣ ተመለሺ» ትላለች ብላ ጠብቃ ነበር። እትዬ ፊቷን አዞረች። ሚሚ በሕፃንነቷ ያዘላትን ጀርባ እያየች ወጣች።

የግቢው በር እንደተዘጋ፣ እትዬ መኮትኮቻዋን አንስታ መሣሪያው ወደለመደው አፈር፣ ወደ አበባው ጎን ሄደች።