ግማሽ የተቀባችው እግር

ሟቿን ሰዓሊ ለማስታወስ ሰው በመጣበት ቀን፣ የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ወርክሾፕ ጠጠር መጣያ ጠፍቶበት ነበር። አናጢው ግማሽ የተቀባች ሰው ሠራሽ እግር ታቅፎ ቆመ። ሰዓሊዋ ሃያ ዓመት ሙሉ እያንዳንዷን እግር የሚያጠልቃትን ሰው ቆዳ አስመስላ፣ ከነደም ሥሯ ስትቀባ ኖራ፣ ይህችን ሳትጨርስ ነበር ያረፈችው።

“ጋሼ፣ አንተ ጨርስልኛ!” አለችው እግሯን የምትጠብቀው ልጃገረድ። “ቀለሙንም እኔ ነኝ የምቀባው ትል አልነበር?”

ብሎ ነበር፤ ለሚሊዮን ሰው፣ ሚሊዮን ጊዜ! ሰዓሊዋም እየሰማች ትስቅ ነበር እንጂ አንድ ቀን አሳፍራው አታውቅም።

ብሩሹን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው።

“እኔ እንጨቱን ብቻ ነው የጠረብኩት፣ የኔ ልጅ” አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው። “ነፍስ የምትዘራበት እሷ ነበረች።”

ልጅቷ እግሯን ተቀበለችው።

“እንግዲያው እንዳለች አጠልቃታለሁ። እሷ እስከየት ቀብታ እንደደረሰችልኝ ይታይ።”