ወደ ፊት የምትውለበለበው ባንዲራ

«አባዬ፣ ባንዲራዋን እኮ በተቃራኒው ነው የለጠፍካት።»

ልጁ ይህን ያለው በሰው ፊት ነው… ያ ሁሉ እንግዳ በቆመበት።

አባትየው ጡረታ የወጣ መርከበኛ ነው። የድሮ ባለሸራ መርከብ አሳንሶ በእንጨት ለመሥራት ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል።

በዚያ ዘመን የነበረችው ባንዲራ የትኛዋ እንደሆነች አሮጌ መጻሕፍት አገላብጦ ነው ያገኘው… ከሟች ሚስቱ የሐር ሻርፕ ቆርጦ በእጁ ሰፋት።

ልጁ ደግሞ መርከቧ ለእይታ የቀረበችበት ሙዚየም ኃላፊ ነው። ዲግሪው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ መርከብ ላይ ግን አንድ ቀን ወጥቶ አያውቅም።

«አይ ልጄ፣ እሷ እንዲያ ነው የምትሆነው…» አለ አባት ቀስ ብሎ።

«እንዴት ሆኖ? መኪና ሲሄድ ባንዲራው ወደ ኋላ አይደል የሚውለበለበው? ያንተዋ ወደ ፊት ሄደች።»

እንግዶቹ ሳቁ። ልጁም አብሮ ሳቀ።

ከዚያ ባንዲራዋን ነቀለና ወደ ኋላ አዙሮ ለጠፋት።

አባት ሊናገር አፉን ከፈተ… መልሶ ዘጋው። ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

ልጁ «እደውልለታለሁ» እያለ፣ ዛሬ ነገ ሲል… ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን አንዲት የመርከብ ካፒቴን ሙዚየሙን ልትጎበኝ መጣች። ከእንጨት የተሠራችው መርከብ ፊት ብዙ ቆመች።

«የገመዱ ቋጠሮ ሳይቀር ልክ ነው» አለች። «ባንዲራዋን ግን ሌላ ሰው ነክቷታል።»

«በምን አወቁ?»

«መኪና ንፋሱን እየሰነጠቀ ነው የሚሄደው። ይህቺን ግን ንፋሱ ነው ከኋላ የሚገፋት። ሸራዎቿ ወደ ፊት ተነፍተው ባንዲራዋ ብቻ ወደ ኋላ አትሄድም። ይህን የሠራ ሰው እንዲህ አይሳሳትም።»

ልጁ ክው አለ።

ያኑ ቀን አባቱ ቤት በረረ። በሩን የከፈተችለት እህቱ ናት።

«አሁን ነው የምትመጣው? የመርሳት በሽታ ይዞት እኔን ራሱ አልፎ አልፎ ነው እኮ የሚለየኝ…»

አባት መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። ልጁን ትክ ብሎ አየው… አላወቀውም።

«ይቀመጡ ጌታዬ» አለው።

ልጁ እግሩ ስር ተንበረከከ። «አባዬ፣ ስለ መርከቧ ባንዲራ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

አባት ፈገግ አለ። «መርከቤን አይተዋታል? ባንዲራዋን እኔ አበላሽቻት ነበር… ልጄ ነው ያስተካከለልኝ።»

«አይደለም፣ ልጅዎ ነው የተሳሳተው» አለ ልጁ።

አባት ኮስተር አለ። ወደ እህትየው ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ተዉ እንጂ… በሰው ፊት እንዲህ አይበሉ። ልጄ ያፍራል።»

ባንዲራዋ ዛሬ በትክክል ወደ ፊት ዞራለች። ይቅርታው ግን የሚሰማው ሰው አላገኘም… ልጁም በዚህ ጸጸት ይኖራል።

ወዳጆቼ፣ ወላጆቻችን ዝም የሚሉን ሁልጊዜ መልስ አጥተው አይደለም… እንዳናፍር ብለው ነው። ይቅርታ ያለባችሁ ሰው ድምፃችሁን እየለየ ሳለ ደውሉለት።

እናንተስ… አባታችሁ ወይም እናታችሁ ልክ ሆነው ሳለ ለእናንተ ክብር ብለው ዝም ያሉበት ቀን ትዝ ይላችኋል? እስቲ ከታች ጻፉልን።